ጉበትም የፈረቃ ሠንጠረዥ አለው

በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር





አንድ የመካኒካል መሐንዲስ ስለ ጉበት ሊናገር ወደዚህ መድረክ ሲወጣ ከአዳራሹ ውስጥ ፈገግ የሚሉ እንደማይጠፉ ዐውቃለሁ። ጉበት የሐኪም፣ ቦይለር የመሐንዲስ ነው ቢባልም ያስኬዳል። ነገር ግን በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል ብዙዎቻችን በየወሩ መጨረሻ አንድ ወረቀት አዘጋጅተን እንፈርማለን። ወረቀቱ ማን ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 9፣ ማን ከ9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5፣ ማን ደግሞ ከምሽቱ 5 እስከ ጧቱ 1 ሰዓት እንደሚሠራ የሚወስን የፈረቃ ሠንጠረዥ ነው። በስኳር ፋብሪካም ሆነ በሲሚንቶ፣ በኃይል ማመንጫም ሆነ በውሃ ማጣሪያ ጣቢያ፣ ሌሊቱን ሙሉ የማይቆም ሥራ ያለበት መሐንዲስ ሁሉ ይህን ወረቀት ያውቀዋል። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው የዚህ ወረቀት ትእዛዝ ከሠራተኛው እጅና ዐይን አልፎ እስከ ጉበቱ ድረስ የሚደርስ መሆኑን ነው።

በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ የቀኑ ሰዓቶች ግን በለመድነው በእኛው አቆጣጠር ናቸው።

ጉበት እንደ ፋብሪካ

ጉበት በአዋቂ ሰው ውስጥ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝን፣ በቀኝ ጎን ከጎድን አጥንቶች ሥር የተቀመጠ አካል ነው። ከአንጀት የሚነሣው ደም ወደ ልብ ከመመለሱ በፊት በእርሱ በኩል ስለሚያልፍ፣ ከምግብ የተገኘው ስኳር በመጀመሪያ የሚደርሰው ወደ እርሱ ነው። ከተመገብን በኋላ ጉበት ከዚህ ስኳር ከፊሉን ግላይኮጅን ወደሚባል ውሕድ ለውጦ ያከማቻል። የመጋዘኑ ይዘት 100 ግራም ያህል ነው። ተኝተን ሳለን አንጎል ያለማቋረጥ ስኳር ስለሚፈልግ ጉበት ከመጋዘኑ እያወጣ ወደ ደም ይለቃል፤ መጋዘኑም ሲመናመን ከሌሎች ንጥረ ነገሮች አዲስ ስኳር ይሠራል። በዚህ ሁሉ ላይ ሐሞት ያመነጫል፣ ኮሌስትሮል ያመርታል፣ መድኃኒትንና አልኮልን አፍርሶ ጉዳታቸውን ይቀንሳል።

እነዚህ ሥራዎች ጎን ለጎን ሊካሄዱ የማይገባቸው መሆናቸውን ለመሐንዲስ ማስረዳት አያስፈልግም። አንድን ታንከር ከላይ እየሞሉ ከታች ማፍሰስ ኃይልን በከንቱ ማባከን ነው። ስለዚህ ማከማቸትና ማውጣት፣ መሥራትና ማፍረስ የየራሳቸው ተራ ሊኖራቸው ይገባል። ተራውን ለመወሰን ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ምግብ በመጣ ጊዜ ብቻ መንቀሳቀስ ነው። ሁለተኛው ምግቡ የሚመጣበትን ሰዓት አስቀድሞ ዐውቆ መዘጋጀት ነው። ቦይለር የሚያሞቅ ሠራተኛ እንፋሎቱ ለጧት ሥራ እንዲደርስ ገና ሳይነጋ እሳቱን ያቀጣጥላል። ጉበትም ኢንዛይሞቹን ሠርቶ ለማዘጋጀት ሰዓታት ስለሚፈጅበት ይህንኑ ያደርጋል፤ ምግብ መጥቶ እስኪያንኳኳ አይጠብቅም። አስቀድሞ ለመዘጋጀት ግን ሰዓት ያስፈልጋል።

የሕዋሱ ሰዓት አሠራር

ሕይወት ያለው ነገር በውስጡ ሰዓት ሊኖረው እንደሚችል የሚያመለክተው የመጀመሪያው ታዋቂ ሙከራ የተደረገው በ1729 ነው። ዦን ዣክ ዶርቱ ደ ሜራን የተባለ ፈረንሳዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ ቀን ቅጠሉን የሚዘረጋ፣ ማታ የሚከድን ሚሞዛ የተባለ ተክል ጨለማ ውስጥ አስገብቶ ቢመለከተው፣ ተክሉ ፀሐይን ሳያይ በየቀኑ መዘርጋቱንና መከደኑን አላቋረጠም።

ሰዓቱ ከምን እንደተሠራ ግን እስከ 1971 ድረስ አልታወቀም ነበር። በዚያ ዓመት በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ሮናልድ ኮኖፕካና ሲሞር ቤንዘር ሦስት ዓይነት እንግዳ የፍራፍሬ ዝንቦችን አገኙ። የአንደኛው ዓይነት ቀን ወደ 19 ሰዓት ያጠረ፣ የሁለተኛው ወደ 28 ሰዓት የረዘመ ሲሆን፣ ሦስተኛው ጨርሶ ሥርዓተ ቀን የሌለው ነበር። ሦስቱም ለውጦች የተገኙት በአንድ ጂን ላይ ነው። ጂን ማለት፣ አንዳንድ መምህራኖቻችን በራሂ የሚሉት፣ አንድን ፕሮቲን ለመሥራት የሚያገለግል በሕዋስ ውስጥ የተጻፈ መመሪያ ነው። በ1984 ጄፍሪ ሆልና ማይክል ሮስባሽ በአንድ ወገን፣ ማይክል ያንግ በሌላ ወገን ይህን ጂን ለይተው አወጡት። ሦስቱም ሰዓቱ የሚሠራበትን ዘዴ በመግለጻቸው የ2017 የሕክምና የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ዘዴው ለእኛ ለመሐንዲሶች እንግዳ አይደለም። በአጥቢ እንስሳት ሕዋስ ውስጥ ክሎክና ቢማል 1 የተባሉ ሁለት ፕሮቲኖች ተጣምረው፣ ፔርና ክራይ የተባሉ ሌሎች ፕሮቲኖች እንዲመረቱ ያዝዛሉ። ፔርና ክራይ ቀስ በቀስ ይከማቹና ወደ ሕዋሱ አስኳል ተመልሰው ገብተው ያስመረቷቸውን የእነዚያን ሁለቱን ሥራ ያግዳሉ። ትእዛዙ ሲታገድ ምርቱ ይቆማል፤ የተመረተውም እየፈረሰ ያልቃል፤ እገዳውም ይነሣና ዙሩ እንደገና ይጀመራል። አንዱ ዙር የሚፈጀው ወደ 24 ሰዓት ገደማ ነው።

የቁጥጥር ምሕንድስናን የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አሉታዊ ግብረ መልስ ሲዘገይ ሥርዓቱ መወዛወዝ ይጀምራል። እኛ ይህን ውዝዋዜ እንደ ጉድለት ቆጥረን ለማጥፋት እንደክማለን፤ ሕዋስ ግን ሰዓት አድርጎ ይሠራበታል።

የአንጎል ሰዓትና የጉበት ሰዓት

ለረጅም ጊዜ በአጥቢ እንስሳት አካል ውስጥ ያለው ሰዓት አንድ ብቻ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። እርሱም በአንጎል ሥር፣ ከሁለቱ ዐይኖች የሚመጡት ነርቮች ከሚሻገሩበት በላይ የሚገኝ፣ 20,000 ያህል የነርቭ ሕዋሳት ያሉት ትንሽ እንክብል ነው። ይህ ማዕከል ከዐይን በሚደርሰው የብርሃን መልእክት በየቀኑ ይስተካከላል። ማስተካከያው የግድ ነው፤ በ1999 የታተመው የሐርቫርድ ጥናት እንዳሳየው የሰው የውስጥ ሰዓት በራሱ ሲተው በአማካይ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ነውና፣ ካልተስተካከለ በየቀኑ ወደ ኋላ ይቀራል።

ነገር ግን በጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ የዑሊ ሺብለር ቡድን የደረሰበት ውጤት የአንድ ሰዓትን ሐሳብ አፈረሰው። ቡድኑ በ1990 ዲቢፒ የተባለ ጂኖችን የሚያዝዝ ፕሮቲን በአይጥ ጉበት ውስጥ በቀኑ በአንድ ወቅት በብዛት ተገኝቶ በሌላው ወቅት ጨርሶ የሚጠፋ መሆኑን አሳየ። በ1998 ደግሞ ከአይጥ የተወሰዱና በብልቃጥ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የተራቡ ተራ ሕዋሳት፣ ከአንጎል ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖራቸው፣ የሰዓት ጂኖቻቸውን በ24 ሰዓት ዙር እንደሚያበሩና እንደሚያጠፉ ተገለጠ። ሰዓቱ ለካ በየሕዋሱ ውስጥ አለ! የአንጎሉ ማዕከል ብቸኛው ሰዓት መሆኑ ቀርቶ የብዙ ሰዓቶች አስተባባሪ ሆነ።

የጉበት ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ከቁጥሩ እንረዳ። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ከአይጥ 12 የአካል ክፍሎችን በየ2 ሰዓቱ መርምሮ፣ ፕሮቲን ከሚሠሩት ጂኖች ውስጥ 43 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ በአንዱ የአካል ክፍል ውስጥ የቀን ሥርዓት እንዳላቸው አግኝቷል። ከ12ቱ መካከል አንደኛ የወጣው ጉበት ሲሆን፣ ከ3,000 በላይ ጂኖቹ በየቀኑ ከፍና ዝቅ ይላሉ። አይጥ የሌሊት እንስሳ ናትና ለሰው ምን ያረጋግጣል? የሚል ቢኖር፣ በ2018 እንደ ሰው ቀን በሚንቀሳቀሰው ዝንጀሮ ላይ በ64 ዓይነት የአካል ክፍሎች የተደረገው ጥናት ፕሮቲን ከሚሠሩት ጂኖች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት በአንዱ ወይም በሌላው ክፍል የቀን ሥርዓት እንዳላቸው አመልክቷል።

የጉበትን ሰዓት የሚሞላው ማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። የአንጎልን ሰዓት የሚያስተካክለው ብርሃን ከሆነ፣ በሆድ ውስጥ በጨለማ የተቀመጠውን ጉበት የሚያስተካክለው ምንድን ነው?

መልሱ በ2000 እና በ2001 ከሁለት ቦታ ተገኘ። የጄኔቫው ቡድን ሌሊት መብላት የለመዱ አይጦችን ቀን ብቻ እንዲበሉ አደረጋቸው። የአንጎላቸው ሰዓት እንደ ወትሮው ከብርሃንና ከጨለማው ጋር ሲቀጥል፣ የጉበታቸው ሰዓት ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ዞሮ ተገለበጠ። በአሜሪካ በቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲ የማይክል ሜናከር ቡድን ደግሞ በሌሊት የምታበራ ጥንዚዛ ብርሃን የምትሠራበትን ጂን ከሰዓት ጂን ጋር አያይዞ፣ የአይጥ ጉበት ሰዓቱ በሄደ ቁጥር ራሱ እንዲያበራና እንዲጠፋ አደረገ። እነዚህ አይጦች በቀን ለ4 ሰዓት ብቻ፣ ያውም በተለመደው የዕረፍት ጊዜያቸው፣ ምግብ ሲሰጣቸው በሁለት ቀን ውስጥ የጉበታቸው ሰዓት 10 ሰዓት ያህል ተዛወረ። የአንጎላቸው ሰዓት ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

እንግዲህ የአንጎልን ሰዓት የሚሞላው ፀሐይ ነው፤ የጉበትን ሰዓት በዋነኛነት የሚሞላው ገበታ ነው። ከምግብ በኋላ ከፍ የሚለው ኢንሱሊን ለጉበት ሕዋሳት ከሚደርሱት የሰዓት ምልክቶች አንዱ ነው። በ2009 በካሊፎርኒያ በሳልክ ኢንስቲትዩት የተሠራ ሥራ እንዳመለከተውም፣ የክራይ ጂኖቻቸው ጠፍተው የውስጥ ሰዓታቸው የተበላሸ አይጦች በተወሰነ ሰዓት ብቻ ሲመገቡ፣ በጉበታቸው ውስጥ ጥቂት የማይባሉ ጂኖች የቀን ሥርዓታቸውን መልሰው አግኝተዋል። አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚሉት ዓይነት አሠራር ነው። ጉበት የራሱ ሰዓት ቢሰበር በምግቡ ሰዓት ይንጠለጠላል።

ፌዝ ሲዛባ

በኃይል ማመንጫ የሚሠሩ ባልደረቦቼ አንድን ጄነሬተር ከመረቡ ጋር ከማገናኘታቸው በፊት ድግግሞሹ 50 ኸርዝ መሆኑን ብቻ አይተው እንደማይበቃቸው ያውቃሉ። ፌዙም መግጠም አለበት። ሁለቱም 50 ኸርዝ ሆነው ፌዛቸው ካልገጠመ፣ ማብሪያው በተዘጋ ቅጽበት የሚደርሰው ጉዳት ከባድ ነው። በአንጎልና በጉበት መካከልም እንዲሁ ነው። ሌሊት ሠርቶ ሌሊት የሚበላ ሰው አንጎሉም ጉበቱም የ24 ሰዓት ዙር አላቸው፤ ፌዛቸው ግን ተለያይቷል። አንዱ «ሌሊት ነው፣ መጋዘኑ ይከፈት» ሲል፣ ሌላው «ምግብ መጥቷል፣ መጋዘኑ ይሞላ» ይላል። ጄነሬተሩ ወዲያው ይጮኻል፤ አካል ግን ለዓመታት ዝም ብሎ ይሸከማል።

የጉበት ሰዓት ምን እንደሚጠቅም ለማየት ተመራማሪዎች በ2008 የቢማል 1 ጂን ከጉበት ብቻ የጠፋባቸውን አይጦች መርምረዋል። እነዚህ አይጦች በማይበሉባቸው ሰዓታት የደማቸው ስኳር ከሚገባው በታች ወረደ፤ መጋዘኑን በወቅቱ የሚከፍት ባለ ቁልፍ ጠፍቶ ነበርና። በ2012 ደግሞ የሳልክ ተመራማሪዎች ሁለት ቡድን አይጦችን አንድ ዓይነት ስብ የበዛበት ምግብ፣ በመጠንም እኩል መገቡ። አንዱ ቡድን በፈለገው ሰዓት፣ ሌላው በሌሊቱ ውስጥ በ8 ሰዓት ጊዜ ብቻ ይበላ ነበር። ከሦስት ወር በላይ ከቆዩ በኋላ በፈለጉት ሰዓት የበሉት ወፈሩ፣ ጉበታቸውም ስብ ቋጠረ፤ በሰዓት የበሉት ግን ከዚህ በአብዛኛው ተጠበቁ። በ2017 ከጄኔቫ የወጣው ውጤትም የሚደንቅ ነው። ሌሊት የሚበሉ አይጦች ጉበት በአንድ ቀን ውስጥ ወደ 40 በመቶ ገደማ አብጦ ተመልሶ ይቀንሳል፤ ያለ ሰዓታቸው ቀን እንዲበሉ ሲደረጉ ግን ይህ መስፋትና መጥበብ ይቀራል።

ስለ ሰውስ? በ2009 በቦስተን ከተማ 10 ሰዎች በላብራቶሪ ውስጥ ለ10 ቀን ተቀምጠው፣ የመብያና የመኝታ ሰዓታቸው ከውስጥ ሰዓታቸው ጋር ቀስ በቀስ እንዲጋጭ ተደረገ። ግጭቱ 12 ሰዓት በደረሰ ጊዜ ኢንሱሊናቸው 22 በመቶ ጨምሮ ሳለ፣ የደም ስኳራቸው ግን በመቀነስ ፈንታ 6 በመቶ ከፍ አለ። ውጤታቸው ከተመዘነው 8 ሰዎች ውስጥ የ3ቱ ከምግብ በኋላ ያለ ስኳር ወደ ስኳር በሽታ መዳረሻ ደረጃ ደረሰ። እነዚህ ጤነኛ ሰዎች ነበሩ፤ ጊዜውም ጥቂት ቀናት ብቻ ነበር።

ቀደም ሲል በሠራሁበት አንድ ፋብሪካ፣ በመቆጣጠሪያ ክፍል ከሃያ ዓመት በላይ ፈረቃ የሠሩ አንድ አባት፣ «ኢንጂነር፣ ሌሊት 8 ሰዓት የምበላው እንጀራ እስኪነጋ ደረቴ ላይ እንደ ድንጋይ ይቀመጣል» ይሉኝ ነበር። ክበቡ ለሌሊት ፈረቃ የሚያቀርበው ለቀኑ ከሚቀርበው ጋር አንድ ዓይነት፣ ቅባት የበዛበት ወጥ ነበር። እርሳቸው ስለ ጂን ያነበቡት ነገር አልነበረም፤ የሚናገሩት ግን ጉበታቸውና ሆዳቸው የሚያውቁትን ነበር።

በሠንጠረዡ ላይ ምን እንጨምር?

ፋብሪካ ሌሊት አይቁም፤ መብራትም አይጥፋ። ይህን የሚቃወም የለም። ጥያቄው ሌሊት የሚሠራውን ሰው ጉዳት በምን እንቀንስ የሚለው ነው። በ2021 ከዚያው ከቦስተን የወጣው ውጤት አንድ መንገድ አሳይቷል። 19 ወጣትና ጤነኛ ሰዎች የሌሊት ሥራን በሚመስል አኗኗር ተመረመሩ። ሌሊት እየሠሩ ሌሊት የበሉት የደም ስኳራቸው በ6.4 በመቶ ጨመረ፤ ሌሊት እየሠሩ ምግባቸውን ግን በቀን ብቻ የበሉት ላይ ይህ ነው የሚባል ጭማሪ አልታየም። ሰዎቹ ጥቂት መሆናቸውና ሙከራው በላብራቶሪ መደረጉ እሙን ነው። ቢሆንም የምግብን ሰዓት ማስተካከል ከማናቸውም የደኅንነት መሣሪያ የረከሰ ነው።

ስለዚህ ለሥራ ባልደረቦቼ ሦስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የፈረቃ ሠንጠረዥ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ብቻ ሳይሆን የምግብ ሰዓትም ይኑረው። ለሌሊቱ ፈረቃ ዋናው ምግብ ሠራተኛው ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት፣ በጊዜ ይቅረብለት፤ ሲነጋ ቁርሱን ይብላ፤ በመካከል ያለው ጊዜ በውሃ፣ በሻይና ቀለል ባለ ነገር ይታለፍ። ከባድ ጉልበት የሚያወጣ ሠራተኛ ግን ባዶ ሆዱን ይዋል ማለት አይደለም። የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድም ሐኪሙን ሳያማክር የምግብ ሰዓቱን አይለውጥ።

ሁለተኛ፣ የፈረቃው ተራ ወደ ፊት ይዙር፤ ከጧት ወደ ከሰዓት በኋላ፣ ከከሰዓት በኋላ ወደ ሌሊት። የሰው የውስጥ ሰዓት ከ24 ሰዓት ጥቂት ስለሚረዝም ወደ ፊት መግፋት ይቀልለዋል። በ1982 በአሜሪካ በዩታ ግዛት በአንድ የማዕድን ድርጅት የተገኘው ውጤት ለዚህ ምስክር ነው። በየሳምንቱ ወደ ኋላ ይዞር የነበረው ፈረቃ ወደ ፊት እንዲዞርና በየ21 ቀኑ እንዲለወጥ በተደረገ ጊዜ ሠራተኞቹ በሠንጠረዡ ይበልጥ ረኩ፤ ምርቱም ጨመረ።

ሦስተኛ፣ የድርጅቶቻችን ክሊኒኮች የደም ምርመራ ሲያደርጉ ሠራተኛው በየትኛው ፈረቃ ላይ እንደነበረና በስንት ሰዓት እንደበላ ይመዝግቡ። ሰዓቱ ያልታወቀ የስኳር ቁጥር ሙቀቱ ያልተጻፈበት የግፊት ንባብ እንደማለት ነው። የሕክምና ባለሙያዎች ይህን በመድኃኒት አሰጣጥ ያውቁታል። ኮሌስትሮልን የሚያመርተው ዋናው ኢንዛይም በሌሊት ስለሚበረታ፣ እንደ ሲምቫስታቲን ያሉ ከደም ቶሎ የሚጠፉ መድኃኒቶች ማታ እንዲወሰዱ ይታዘዛል።

ክቡራንና ክቡራት፣

እኛ ቀኑን መቁጠር የምንጀምረው ከንጋት ነው። በአዲስ አበባ የፀሐይ መውጫ ከዓመቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ልዩነቱ አንድ ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ አንድ ሰዓት ስንል፣ ሁለት ሰዓት ስንል፣ ከፀሐይ ጋር አብረን እየቆጠርን ነው። የሌሊት ሠራተኛ ግን ፀሐይን ለእኛ ትቶልን፣ ስንተኛ መብራታችንንና ውሃችንን እየጠበቀ ያድራል። ፀሐይን ልንመልስለት ባንችል እንኳ ገበታውን በሰዓቱ ልናደርግለት እንችላለን። ይህ የገንዘብ ሚኒስቴርን ፈቃድ የሚጠይቅ፣ ከውጭ አገር የሚገዛ ዕቃ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት አይደለም። በሚቀጥለው ወር በምንፈርመው ወረቀት ላይ አንድ ዐምድ መጨመር ነው።